ሌሊቱን የሚያመልጠው ግፊት

የቤንዚን አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የብዙዎቻችን ምርጫ አሮጌውን እየጠገኑ መንዳት ነው። እናም ዛሬ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ስለሚል መኪና እናወራለን። በምሳሌነት የማነሳው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራውን ባለ ኢንጀክሽን ኮሮላ፣ ፎር ኤ ኤፍ ኢ ሞተር ያለውን ነው። ካርቡሬተር ያለው ዲኤክስ ኮሮላ በጣም በትንሽ ግፊት ስለሚሠራ የምጠራው ቁጥር አይመለከተውም።

ሞተሪኖው ደክሞት የሚዞር ከሆነ መጀመሪያ ባትሪውን እዩ። ደህና እየዞረ፣ በስንት ጭቅጭቅ ከተነሳ በኋላ ቀኑን ሙሉ የማያስቸግር ከሆነ ግን ብዙ ሰው «ፓምፑ ሞቷል» ይላል። እኔ አልስማማም። ቀኑን ሙሉ ዳገት ያስወጣ ፓምፕ ጠዋት ብቻ አይሞትም። ብዙ ጊዜ የጠፋው ሌሊቱን መስመሩ ውስጥ ማደር የነበረበት ግፊት ነው። ሞተር ሲጠፋ ፓምፑ ላይ ያለች ትንሽ ቫልቭ ቤንዚኑ ወደ ታንክ እንዳይመለስ ትዘጋለች፤ እሷ ካረጀች ጠዋት መስመሩ እንደ አዲስ እስኪሞላ ሞተሪኖ ማስጮህ ነው። ቁልፉን ደጋግሞ ማብራትና ማጥፋት የሚረዳው ያኔ ፓምፑ ለሚሠራለት መኪና ነው፤ በዚህ ኮሮላ ፓምፑ የሚነሳው ሞተሪኖው ሲዞር ነው።

ስለዚህ የቤንዚን ግፊት መለኪያ ጌጅ እንሰር። ሲጋራ ይጥፋ። ሞተሩ እየሠራ የፓምፑን ሶኬት ነቅላችሁ እስኪጠፋ ጠብቁ፣ ባትሪውንም ፍቱ፤ አለዚያ መስመሩ ሲፈታ ቤንዚኑ ዓይን ውስጥ ይረጫል። ጌጁ ከታሰረ በኋላ ሁሉንም መልሱና ሞተሩን አስነሱ። በሚኒሞ እየሠራ፣ ወደ ግፊት መቆጣጠሪያው የምትሄደውን ቀጭን የቫኪዩም ቱቦ ነቅላችሁ ጫፏን ስትደፍኑ ከ38 እስከ 44 ፒ.ኤስ.አይ. ማንበብ አለባችሁ። ቱቦዋ ስትመለስ ይወርዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና ሞተሩ የሚፈጥረው ቫኪዩም አነስ ይላል፤ የጥገና መጽሐፉ የሚለውን ያህል ባይወርድ በመቆጣጠሪያው አትፍረዱ።

አሁን ሞተሩን አጥፉና 5 ደቂቃ ጠብቁ። ጌጁ ቢያንስ 21 ላይ መቆየት አለበት። ከዚያ ከወረደ ቤንዚኑ በየት እንደወጣ መፈለግ ነው። የቫኪዩም ቱቦዋን ነቅላችሁ አሽትቱ፤ ቤንዚን ካረጠባት የመቆጣጠሪያው ስስ ጎማ ተቀዷል። ካንዴላዎቹን ፍቱ፤ አንዱ ብቻ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ የዚያ ሲሊንደር ኢንጀክተር እያንጠባጠበ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው መኪና ቡና ጠጥታችሁ ስትመለሱ፣ ገና ሞተሩ ሳይበርድ አልነሳም ይላል፤ ሲነሳም ጥቁር ጭስ ይተፋል። በውጭ በኩል የሚታይ ፍሳሽ ከሌለ፣ እነዚህም ደህና ከሆኑ፣ የፓምፑን ቫልቭ ጠርጥሩ።

ሞተሩ እየሠራም ግፊቱ ዝቅ ካለ ደግሞ ሌላ ፍተሻ አለ። ወደ ታንክ የሚመልሰውን የጎማ ቱቦ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ለአፍታ ብቻ ጭመቁት። ጌጁ ወዲያው ከዘለለ ፓምፑ ጤነኛ ነው፣ የሚለቀው መቆጣጠሪያው ነው። ካልተነቃነቀ ፊልትሮውንና ታንክ ውስጥ ያለውን ወንፊት እዩ። ፓምፕ ልትገዙ ከመውጣታችሁ በፊት ግን ፓምፑ እየሠራ ሶኬቱ ላይ ስንት ቮልት እንደሚደርስ ለኩ። ባትሪው ላይ ካለው በጣም ካነሰ የኔጋቲቩን ሽቦ ማሰሪያ ፈትታችሁ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አጽዱና ጌጁን እንደገና አንብቡት።