በቤትህ ፊት ለፊት ያለው ፍርስራሽ

(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለትራክት የተዘጋጀ)

መጽሐፍ ቅዱሳችሁ አጠገባችሁ ካለ መጽሐፈ ነህምያን ግለጡ።

ነህምያ በሱሳ ቤተ መንግሥት ለንጉሡ የወይን ጠጅ የሚያቀርብ፣ የሚፈራና የሚከበር ሰው ነበር። የጎደለው ነገር አልነበረም። የኢየሩሳሌም ቅጥር እንደ ፈረሰ ሲሰማ ግን ተቀምጦ አለቀሰ። አራት ወር ያህል ጾመ፣ ጸለየ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ! ጸሎቱ እልፍኝ ውስጥ አልቀረም። ንጉሡ ፊት ቀረበና ለመነ። ልመናውም እንዲሁ «እርዱን» የሚል አልነበረም፤ ፈቃድ፣ ለገዢዎች የሚሰጥ ደብዳቤ፣ ለበሮቹ የሚሆን እንጨት ብሎ ለይቶ ጠየቀ (ነህ. 2፥5-8)። ኢየሩሳሌም ሲደርስም ለሕዝቡ ከመናገሩ በፊት በሌሊት ወጥቶ ፍርስራሹን በዓይኑ አየ።

አንዳንዶቻችን ምን እንላለን? «አገራችን በሰማይ ነው፤ የቀበሌ ስብሰባ፣ የመንገድና የውኃ ጉዳይ የዓለም ነገር ነው።» ሌሎቻችን ደግሞ የቆሰልን ነን። «በሰፈሩ ጥቂት ነን፤ ከዕድር የገፋን ሰው አለ፤ ለእነሱ ብለን ምን አደከመን?» እንላለን። ይህን ቁስል አናቃልለውም። ነገር ግን ኤርምያስ በምዕራፍ 29 የጻፈው ለማን ነው? ተማርከው ባቢሎን ለተወሰዱት ነው! ያፈለሰቻቸውን ከተማ ሰላሟን እንዲፈልጉ፣ እንዲጸልዩላትም አዘዛቸው። የእነሱ ሰላም ያለው በእሷ ሰላም ውስጥ ነውና። ወገኖቼ፣ ምንጩ ሲበከል የአማኙን ልጅ ትቶ የጎረቤትን ልጅ ብቻ አያሳምምም።

ከሞጣ በኩል ወደ ደቡብ ጎንደር የሚያሻግረውን ሰባራ ድልድይ የማያውቅ ጎጃሜ ጥቂት ነው። በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ዓባይ ላይ የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣልያን ወረራ ጊዜ አርበኞች መካከሉን እንዳፈረሱት ይነገራል። ከዚያ በኋላ ለስድሳ ዓመት ያህል ሰው በገመድ ታስሮ፣ ከወዲህ የሚለቁት፣ ከወዲያ የሚጎትቱት ሆኖ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ ይህን በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ በፎቶግራፍ አየ። ገጹን ገልጦ አላለፈም። በዓመቱ ድልድዩ ተጠገነ። በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በዚህም ተስፋ አልተቆረጠም፤ በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

በዚያ ገመድ የተንጠለጠለ ሰው ነፍሱ ያለችው ማዶ ባለው ሰው እጅ ነበር። ጎጃሜው የጎንደሬውን እጅ ይፈልጋል፤ ጎንደሬው የጎጃሜውን። የሰፈራችንም ኑሮ እንዲሁ ነው። ማዶ የቆመውን ሰው ጠልተን ገመዱን ብንለቅ የሚወድቀው ማን ነው?

የነህምያ ምዕራፍ 3 የስም ዝርዝር ይመስላል፤ ብዙዎቻችን እንዘለዋለን። ግን አንብቡት። ካህናቱ እያንዳንዳቸው በቤታቸው ፊት ለፊት ሠሩ (ቁ. 28)። ሰሎም ከሴት ልጆቹ ጋር ሠራ (ቁ. 12)። የቴቁሐ ሰዎች ሠሩ፤ ታላላቆቻቸው ግን አንገታቸውን ለሥራ አላዋረዱም (ቁ. 5)። ይኸው እስከ ዛሬ ስማቸው በዚያው ይነበባል! እናንተ የሰፈር ሽማግሌዎች፣ የጉባኤ መሪዎች፣ እኛስ በየትኛው ቁጥር ላይ እንጻፍ?

ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት በ1972 እ.ኤ.አ. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ፣ ነፍስን ከሥጋ ሳንለይ ሰውን በሁለንተናው እናገልግል ብላለች።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መጀመሪያ ጸልዩ። ቀጥሎ ሄዳችሁ እዩ፤ ውኃው ስንት ሰዓት ያስኬዳል? ስንት ልጅ በዚህ ምክንያት ከትምህርት ይቀራል? ከዚያ ጎረቤትን ሰብስቡ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ጥያቄያችሁን ለይታችሁ ጻፉ፤ ብዙ ሰው ይፈርምበት፤ በትሕትና ለቀበሌና ለወረዳ አቅርቡ፤ «ነገ ና» ቢሏችሁ ነገም ሂዱ። ገንዘብ ከተዋጣ ሒሳቡ በሁሉ ፊት ይነበብ። ነህምያ አሥራ ሁለት ዓመት ገዥ ሆኖ ለገዥ የሚገባውን ቀለብ እንኳ አልበላም (5፥14)።

ነገር ግን ወዳጄ፣ ከዓባይ የሚበልጥ ገደል አለ። በእኛና በእግዚአብሔር መካከል ኃጢአት የሰበረውን ድልድይ የትኛውም መሐንዲስ አይጠግነውም። ኢየሱስ በመስቀሉ ጠግኖታል። ዛሬ በእርሱ ተሻገር። የተሻገረ ሰው ደግሞ ማዶ ለቀረው ወገኑ እጁን ይዘረጋል።

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ ስለ ሰፈራችን የሚያለቅስ ልብ፣ በሹማምንት ፊት የሚናገር አፍ፣ በንጽሕና የሚሠራ እጅ ስጠን። የገፉንንም እንድናገለግል አቅም ሁነን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።