በአንዲት ወፍ ላይ የቆመ ስም



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አጭር ነው፦ አንድ ዝርያ በአንድ ናሙና ብቻ ሊመሠረት ይችላልን?

ምሳሌዬ የአፍሪካ ሐሩር ደን ወፍ ናት። ቲንከርበርድ የሚባሉት ወፎች ክብደታቸው 20 ግራም እንኳ የማይሞላ፣ በአብዛኛው ፍሬ የሚመገቡ ናቸው። ስማቸውን ያገኙት ከድምፃቸው ነው፤ አንጥረኛ ብረት ሲቀጠቅጥ የሚሰማውን የመሰለ ጥርት ያለ ምት ሳይታክቱ ይደጋግማሉ። የተቀጽላን ፍሬ አብዝተው ይወዳሉ። የሚያጣብቀውን ዘር ከአፋቸው መልሰው ያወጡና መንቈራቸውን በቅርንጫፍ ላይ ይጠርጋሉ፤ ዘሩም በዚያው ተጣብቆ ይበቅላል። ግንባረ ቀዩ ዘመዳቸው በአገራችንም ስለሚገኝ፣ ድምፁን ሰምታችሁ ከወፍ መምጣቱን ያልጠረጠራችሁ ትኖሩ ይሆናል።

በ1964 እ.ኤ.አ. ጃሊ ማካዋ በሰሜን ምዕራብ ዛምቢያ፣ ማያው በተባለ ስፍራ፣ ከዚሁ ወገን የሆነች አንዲት ወፍ ሰበሰበ። ማካዋ ከአእዋፍ ተመራማሪው ከኮን ቤንሰን ጋር ለብዙ ዓመታት የሠራ፣ ደኑን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነበር። የተገኘችው ወፍ በሰፊው ከሚታወቀው ወገበ ቢጫ ቲንከርበርድ ጋር ትመሳሰላለች፤ ነገር ግን ደረቷ ነጭ፣ አገጯ ጥቁር ነው፤ ከዓይን በላይ የሚያልፈው ነጭ መስመርም የላትም። ቤንሰንና ኧርዊን በ1965 አዲስ ዝርያ መሆኗን አሳትመው፣ በሰብሳቢው ስም ፖጎኒዩለስ ማካዋይ አሏት። የአፍሪካዊ ሰብሳቢ ድካም አብዛኛውን ጊዜ ሳይጠቀስ በሚያልፍበት ዘመን ይህ የሚያስመሰግን ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙዎች ወደ ስፍራው ተመላልሰው ፈለጉ፤ ሁለተኛ ወፍ አልተገኘችም። ክርክሩም በዚሁ ተወለደ። ግማሹ ብርቅ ዝርያ ናት ሲል፣ ግማሹ መልኳ ከወገኖቿ የተለየ አንዲት ወገበ ቢጫ ናት አለ። አንድ ናሙና ልዩነትን ያሳያል፤ ያ ልዩነት የግለሰቧ ይሁን የሕዝቧ ግን ሊነግረን አይችልም። በላባ ላይ ብቻ ተመሥርቶ ይህን መፍታት አይቻልም ነበር።

በ2018 የታተመ ጥናት ከዚያችው ቆዳ የተወሰደውን የዘር ቅንጣት መረመረ። ወፏ በወገበ ቢጫው ዝርያ የዘር ሐረግ ውስጥ ተገኘች፤ ራሱን የቻለ ዝርያ ለመሆኗ ማስረጃ አልታየም። እኔም ይህን ፍርድ እቀበላለሁ። ሆኖም ጥናቱ የዝምድናን ጥያቄ እንጂ የመልኳን ምሥጢር አልፈታም፤ ደረቷ ለምን ነጭ እንደሆነ ዛሬም ክፍት ጥያቄ ነው።

ቤንሰንንና ኧርዊንን ግን አልወቅስም። ያዩትን በግልጽ ጻፉ፣ ናሙናዋንም ለሙዚየም አስረከቡ። ያ ባይሆን ኖሮ፣ በእነርሱ ዘመን ያልነበረ ዘዴ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የሚመረምረው ነገር ባላገኘም ነበር። በስያሜ ሕግ መሠረት «ማካዋይ» የሚለው ስም ከዚያች ቆዳ ጋር ተቆራኝቶ ይኖራል። ነገ ከማያው ደን ሌላ ነጭ ደረት ወፍ ብትገኝ፣ መጀመሪያ ከእርስዋ ጋር የምትነጻጸረው ይህችው በእንግሊዝ አገር፣ በትሪንግ ሙዚየም የተቀመጠችው ናት።