ተያይዘው የሚኖሩ አቶሞች
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሳይንስ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ቀን ንግግር እንድናደርግ በታዘዝን ጊዜ ስለ ጠፈር ጉዞ ወይም ስለ አቶም ኀይል እንድንናገር የመከሩን ነበሩ። እኛ ግን ብዙ ተማሪን ከኬሚስትሪ ያራቀውን አንድ ትንሽ ነገር መረጥን። ይኸውም ፖሊአቶሚክ አዮን የሚባለው፥ ማለት ብዙ አቶሞች ተያይዘው እንደ አንድ አካል ሆነው የሚኖሩበት አዮን ነው። በቀድሞ መጻሕፍት ራዲካል ይባል ነበር።

ነገሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ውሃ ገብቶበት ግድግዳ የሚቀባበት ኖራ፥ የተሰበረ አጥንት የሚታሰርበት ጄሶ፥ ለደረጃ የሚነጠፈው እብነ በረድ፥ ሦስቱም ካልሲየም አለባቸው። በካልሲየማቸው ልዩነት የላቸውም። የለያያቸው ካልሲየሙን ያጀበው ጓድ ነው፤ ኖራውን ሃይድሮክሳይድ፥ ጄሶውን ሰልፌት፥ እብነ በረዱን ካርቦኔት ያጅበዋል።

እንደሚታወቀው በአንድ አቶም ውስጥ የፕሮቶንና የኤሌክትሮን ቍጥር እኩል ነው። ኤሌክትሮን ሲጐድልበት ፖዘቲቭ፥ ሲጨመርለት ኔጌቲቭ ሙል ያገኛል፤ ያን ጊዜ አዮን ይባላል። በገበታ ጨው ውስጥ ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን ሰጥቶ፥ ክሎሪን አንድ ተቀብሎ ይኖራሉ። እስከዚህ ድረስ የሚቸገር የለም። ተማሪው ግራ የሚገባው መምህሩ ሰሌዳው ላይ «ካርቦኔት፥ ሁለት ኔጌቲቭ» ብለው ሲጽፉ ነው። ሁለቱ ከየት መጣ?

እስቲ እንቍጠረው። ካርቦኔት አንድ ካርቦንና ሦስት ኦክሲጅን ነው። ካርቦን 6፥ እያንዳንዱ ኦክሲጅን 8 ፕሮቶን ስላላቸው ድምሩ 30 ይሆናል። ኤሌክትሮኖቹ ግን 32 ናቸው። የተረፉት ሁለቱ ናቸው እንግዲህ ያ ቍጥር። ናይትሬትም አንድ ናይትሮጅንና ሦስት ኦክሲጅን ስለ ሆነ ፕሮቶኖቹ 7 እና 24፥ በጠቅላላው 31 ናቸው፤ ኤሌክትሮኖቹ እዚህም 32 ስለ ሆኑ ትርፉ አንድ ብቻ ነው። ሰልፌት 48 ፕሮቶንና 50 ኤሌክትሮን አለው። ይህን አንድ ጊዜ በእጁ የቈጠረ ተማሪ ሙሉን አይረሳም።

በክበባችን ውስጥ ብዙ ያከራከረን ጥያቄ ደግሞ ይህ ነበር፤ እነዚያን ሁለት ትርፍ ኤሌክትሮኖች ከሦስቱ ኦክሲጅኖች የያዛቸው የትኛው ነው? በመጽሐፉ ሥዕል አንዱ ኦክሲጅን በሁለት መስመር፥ ሁለቱ በአንድ በአንድ መስመር ከካርቦን ጋር ተያይዘው ስለሚታዩ፥ የያዙት ሁለቱ ይመስላሉ። ነገር ግን በራጅ ጨረር ሲለካ ሦስቱም ማያያዣዎች እኩል ርዝመት አላቸው። ስለዚህ ትርፉ እንደ ዕድር ገንዘብ ነው፤ የአባሎቹ ሁሉ እንጂ የአንዱ ኪስ አይደለም። ሥዕሉ ይህን በአንድ ጊዜ ማሳየት አይችልም፤ ጥፋቱ የመስመሩ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ለእኛ የሚያስደንቀን አሞኒየም ነው። አንድ ናይትሮጅንና አራት ሃይድሮጅን ሆኖ 11 ፕሮቶንና 10 ኤሌክትሮን አለው። የሶዲየም አዮንም ልክ 11 ፕሮቶንና 10 ኤሌክትሮን ነው ያለው! አሞኒየም ብረት የሚባል ነገር የሌለበት የጋዞች ልጅ ሲሆን፥ በጨዎች ውስጥ በሶዲየም ወንበር ይቀመጣል።

አሁን ወደ ቅንፉ እንምጣ፤ ብዙ ነጥብ የሚጠፋው እዚህ ነውና። አንዱ ካልሲየም ሁለት ፖዘቲቭ ስለ ሆነ ሁለት ናይትሬት ይፈልጋል። ናይትሬቱን በቅንፍ ከብበን ሁለቱን ከቅንፉ ውጭ እናስቀምጣለን። ቅንፉን የዘነጋ ተማሪ ከኦክሲጅን ሥር ሦስትና ሁለትን አስከትሎ ይጽፋል፤ አራሚው የሚያነበው ሠላሳ ሁለት ኦክሲጅን ነው። እንዲህ ያለ ፍጥረት በምድር ላይ የለም። ገበሬዎቻችን ዳፕ የሚሉት ማዳበሪያም በዚሁ ሥርዓት ይጻፋል፤ ሁለት አሞኒየም በቅንፍ፥ ቀጥሎ ሁለት ኔጌቲቭ ያለው አንድ ሃይድሮጅን ፎስፌት።

ስለ ስማቸው ግን እውነቱን እንናገር፤ በቃል ከመያዝ በቀር መንገድ የለም። ናይትሬት ሦስት ኦክሲጅን ሲኖረው ሰልፌት አራት አለው፤ ከስሙ የሚታወቅ አይደለም። መጀመሪያ ንባቡን፥ ኋላ ትርጓሜውን የሚለው የአብነት ትምህርት ቤት ሥርዓት ለዚህ የተበጀ ይመስላል። መጨረሻው «ኤት» የነበረው «አይት» ሲሆን ግን አንድ ኦክሲጅን እንደ ጐደለ ይነግረናል። በአማርኛ «አለ» ጠብቆና ላልቶ ሲነበብ ትርጕሙ እንደሚለወጥ፥ ናይትሬትና ናይትራይትም በአንዲት ድምፅ ይለያያሉ።

የዚያች ድምፅ ዋጋ ስንት እንደ ሆነ በ1945 እ. ኤ. አ. ኸንተር ኮምሊ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ከአዮዋ ገጠር ጽፈዋል። ናይትሬት በበዛበት የጕድጓድ ውሃ ወተት ተበጥብጦላቸው የጠጡ ሕፃናት ከንፈራቸው እየጠቈረ ሰማያዊ ይሆን ነበር። ናይትሬቱ በሆድ ውስጥ በባክቴሪያ አማካይነት አንድ ኦክሲጅን አጥቶ ናይትራይት ሲሆን፥ ናይትራይቱ ደሙ ኦክሲጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የወሰነው ናይትሬት በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ማዳበሪያና የከብት አዛባ ወደ ጕድጓድ በሚሰርግበት አገር የምንኖር ሁሉ አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ውሃውን ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ናይትሬትን አያጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይበረታል።

እነዚህ ጓዶች ተያይዘው ይኖራሉ ስንል ለዘለዓለም ማለታችን አይደለም። ጄሶ በውሃ ሲሟሟ ሰልፌቱ ሳይፈታ ከካልሲየሙ ይለያል። ካርቦኔት ግን አሲድ ሲነካው ይፈርሳል፤ ውሃና፥ በአምቦ ውሃ ውስጥ የሚፈላውን ጋዝ ይሆናል።

ይህም ልዩነት ሰው የሚያድን፥ ሰውም የሚገድል ነው። ሐኪም ቤት የሆድ ራጅ የሚነሣ ሰው ነጭ የባሪየም ሰልፌት ብጥብጥ ይጠጣል። ባሪየም መርዝ ሲሆን፥ ሰልፌቱ በውሃም በጨጓራ አሲድም ስለማይለቀው በሽተኛው አይጐዳም። ባሪየም ካርቦኔትም እንዲሁ ነጭ ዱቄት ነው፤ ነገር ግን የጨጓራ አሲድ ካርቦኔቱን ሲያፈርሰው ባሪየሙ ተፈትቶ ወደ ደም ይገባል። ይህ ዱቄት ለአይጥ መርዝነት ያገለገለውም በዚሁ ምክንያት ነው። በ2003 እ. ኤ. አ. በብራዚል ለራጅ በተዘጋጀ መድኀኒት ውስጥ ካርቦኔቱ ተቀላቅሎ ስለ ተገኘ፥ ከጠጡት በሽተኞች መካከል የሞቱ አሉ። ዐይን የማይለያቸውን ሁለት ዱቄቶች የኬሚስት ምርመራ ይለያቸዋል።

በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ብርጭቆ ነጭ ዱቄት አስቀምጠናል። አንዱ የተፈጨ እብነ በረድ፥ ሁለተኛው ጄሶ ነው፤ ስማቸው ግን አልተጻፈባቸውም። ሎሚም ተቈርጦ ተዘጋጅቷል። ስትወጡ ጥቂት ጠብታ እያንጠባጠባችሁ የትኛው ካርቦኔት፥ የትኛው ሰልፌት እንደ ሆነ ለይታችሁ ንገሩን።