የሳምንቷ ሳንቲም

(በሸርቆሌ በተደረገ የአባላት ስብሰባ ላይ ሁለት የነገረ መለኮት ተማሪ አባሎቻችን በጋራ ያሰሙት ንግግር)



እኛ ሁለት ነን። አንዷ ከኮንጎ ተሰዳ በሸርቆሌ መጠለያ ጣቢያ ያደገች ናት፤ ሌላዋ የአሶሳ ልጅ ናት። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1997 ለሱዳን ስደተኞች ተከፍቶ፣ በኋላ ከኮንጎ የመጡትንም እንደተቀበለ ታውቃላችሁ።

አንዷ ሜቶዲስት፣ ሌላዋ የመካነ ኢየሱስ ልጅ ስለሆንን በትምህርት ቤት የሁለቱን አገር የቤተ ክርስቲያን ኑሮ እናነጻጽራለን። በኮንጎ መጋቢውን ወደ አጥቢያ የሚመድበው ጳጳሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 በብሔራዊ ደረጃ የተመሠረተችው መካነ ኢየሱስ ግን በፕሬዚዳንት ትመራለች። የኮንጎ ሜቶዲስት ሴቶች ማኅበር “ኪፔንዳኖ” ይባላል፤ በስዋሂሊ እርስ በርስ መዋደድ ማለት ነው። ይህን ስንሰማ የእኛ እድርና ማኅበር ትዝ አለን።

ከሁሉ ይልቅ ለእናንተ ልናካፍል የፈለግነው የሳምንቷን ሳንቲም ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1742 በእንግሊዝ አገር፣ በብሪስቶል ከተማ፣ የጆን ዌስሊ ተከታዮች የጸሎት ቤታቸው ዕዳ ነበረበት። እያንዳንዱ ሰው በሳምንት አንድ ፔኒ ያዋጣ ተባለ። “ድሃው ከየት ያመጣል?” የሚል ጥያቄ ተነሣ። አንድ የመርከብ አዛዥ ነበር፤ ከድሆቹ አሥራ አንዱን ለእኔ ስጡኝ፣ በየሳምንቱ እጠይቃቸዋለሁ፣ ያጣ ካለ እኔ እሞላለታለሁ አለ። ሌሎችም እንደ እርሱ አደረጉ።

ሰብሳቢዎቹ ቤት ለቤት ሲዞሩ ማን እንደታመመ፣ በማን ቤት ጠብ እንዳለ፣ ማን እንደተቸገረ አወቁ። ዕዳ ለመክፈል የተጀመረው ነገር ሰው መጠበቂያ ሆነ። በኋላ ቤት ለቤት መዞሩ ስለከበደ በአንድ ቦታ መሰብሰብ ጀመሩ። ሜቶዲስቶች “ክፍል” የሚሉት የትንሽ ቡድን ሥርዓት እንዲህ ተወለደ።

እህቶቻችን፣ የእኛም ቡድን በየሳምንቱ ይሰበሰባል፣ ይቆጥባል። ደንባችን ለቀረችና ላልከፈለች ቅጣት አለው። ቅጣቱ ቁጠባውን ያጸናል፤ ያለ ደንብ ሳጥኑ አይሞላም። ነገር ግን ራሽን የተቀነሰባት፣ ልጅ የታመመባት፣ በክረምት እርሻ ላይ የዋለች ሴት ገንዘብ ስታጣ ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስቀራት እፍረት ነው። ቅጣት ሲጨመርባት ጭራሽ ትጠፋለች። እርሷ ደግሞ ቡድኑ ከማንም በላይ የተቋቋመላት ናት።

ስለዚህ ለውይይት የምናቀርበው ይህ ነው፦ አንዲት አባል ሁለት ሳምንት ከቀረች፣ ቅጣት ከመጻፉ በፊት ሁለት ሴቶች ቤቷ ሄደው ይጠይቋት። ችግሯ እውነት ከሆነ ቡድኑ ከማኅበራዊ መዋጮው ይሙላላት፤ ሲሞላላት ትመልስ።

ይህን የምንለው ሁላችሁም ሜቶዲስት ሁኑ ብለን አይደለም። ሙስሊም እህቶቻችን በሽተኛ መጠየቅን ከእኛ በፊት ያውቃሉ፤ እድራችንም ሐዘንተኛን ብቻውን አይተውም። ደጋፊዎቻችንም ስንት ብር እንደተቆጠበ ስትጠይቁን፣ ስንት ሴት ተጠይቃ እንደተመለሰችም ጠይቁን።

 ውይይቱን ለእናንተ ትተናል።