ጠባቂው ፕሮቲን እንዴት ገዳይ ይሆናል?

(አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ያሰማው ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ሞት ልናገር በመነሣቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የምናገረው ግን በሰውነታችን ውስጥ በየቀኑ ስለሚሞቱት ሕዋሳት ነው። ሕዋስ ሊጠገን የማይችል ጉዳት ሲደርስበት ጎረቤቶቹን ሳያውክ ራሱን በሥርዐት ያፈርሳል። ሊቃውንት ይህን አሟሟት በ1972 እ.ኤ.አ. አፖፕቶሲስ አሉት፤ በግሪክ ቋንቋ የቅጠልን መርገፍ ያመለክታል። በማሕፀን ሳለን ጣቶቻችንን አንዱን ከሌላው የለየልን ይኸው ሞት ነው። ጉዳቱ የሚመጣው መሞት የማይገባው የአንጎል ሕዋስ ሲሞት ነው፤ ምትኩ እምብዛም አይገኝምና።

በፓፑዋ ኒው ጊኒ ተራሮች በሚኖሩት በፎሬ ሕዝብ መካከል ኩሩ፥ ማለት መንቀጥቀጥ፥ የሚባል ገዳይ በሽታ ነበረ። ዶክተር ጋይዱሴክና ዶክተር ዚጋስ በ1957 ለዓለም ገለጹት። ከበሽተኞቹ የሚበዙት ሴቶችና ልጆች ነበሩ፤ በለቅሶ ሥርዐት የሟቹን አንጎል የሚበሉት እነርሱ ነበሩና። ልማዱ ሲቀር በሽታውም እየጠፋ ሄደ። እነዚህን ሰዎች ለመናቅ ግን አንቸኩል። በ1986 በብሪታንያ የታወቀው የከብቶች የአንጎል በሽታም የተስፋፋው ከብትን የከብት ቅሪት በማብላት ነው።

ፕሮፌሰር ስታንሊ ፕሩሲነር በ1982 የዚህን ዓይነት በሽታ አምጪ ፕሪዮን ብለው ሰየሙት፤ በ1997ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ፕሪዮን ሁላችንም በነርቭ ሕዋሳችን ላይ የምንሸከመው ፕሮቲን ነው፤ ነገር ግን አስተጣጠፉ ተበላሽቷል። የተበላሸው ጤነኛውን ሲነካው እንደ ራሱ ያደርገዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት እዚህ ላይ በክፉ ይተረጐማል።

ታዲያ ጤነኛው ፕሮቲን ምን ይጠቅማል? በ2001 የወጣ ጥናት ከሰውነት ውጭ ባደጉ የሰው ነርቭ ሕዋሳት ላይ እንዳሳየው፥ ባክስ የተባለው ሌላ ፕሮቲን ሕዋሱን ወደ ሞት ሲገፋው ይህኛው ይከላከልለታል። በሌላ በኩል ፕሮቲኑ የሌላቸው አይጦች በ1993 በበሽታው አልተያዙም። እንግዲህ ወዳጅም ነው፥ ለጠላትም መግቢያ በር ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው በ2012 በአይጦች የታየው ነው። የተበላሸው ፕሮቲን ሲከማች ሕዋሱ ይጨነቅና አዲስ ፕሮቲን መሥራቱን ያቆማል። ይህ ለጥቂት ጊዜ መከላከያ ነው። ሲቆይ ግን ጎርፍ ፈርቶ በሩን የዘጋ ሰው በቤቱ ውስጥ በራብ እንደሚሞት፥ ሕዋሱም ለሕይወቱ የሚያስፈልገውን አጥቶ ይሞታል። በ2013 ይህን በር የሚከፍት መድኃኒት ተሞከረ፤ የተበላሸው ፕሮቲን ሳይቀነስ የአይጦቹ አንጎል ተጠበቀ። ሆኖም መድኃኒቱ ቆሽታቸውን ጎዳ፥ ክብደታቸውንም ቀነሰ። ስለዚህ ለሰው አልሆነም፤ እስከ ዛሬም በፕሪዮን የታመመ ሰው የሚድንበት መድኃኒት የለም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ከዚህ የተማርሁት አንድ ነገር አለ። በሽታን ለማሸነፍ ጠላትን ማጥፋት ብቻ ሳይሆን የተጨነቀውን ማጽናትም መንገድ ነው። ዘንድሮ ከዚህ ግቢ የምንወጣ ተማሪዎች ሥራው ሁሉ ተሠርቶ አልቋል ብለን አናስብ፤ ይህ ጥያቄ መላሽ እየጠበቀ ነውና።