ደብተሩን ብቻ አይደለም



በ2000 ዓ.ም. ግድም የ70 በ30 ምደባ ከመጣ ወዲህ ብዙ ሴት ልጆቻችን ምህንድስና ገብተዋል። ለእረፍት ሲመጡ የሚጠየቁት ውጤታቸውን ነው። እኛ ዛሬ የምናነሳው ቤተ ሙከራውን ነው።

እዚያ የሚሠራው በቡድን ነው። አንዱ ሽቦ ያገናኛል፣ አንዱ በመልቲሜትር ይለካል፣ አንዱ ቁጥሩን ይጽፋል። ልጆቻችን እንደሚነግሩን «ያንቺ ጽሑፍ ያምራል» እየተባለ ደብተሩ ለእነሱ ይሰጣል። የቡድኑ ማርክ ለሁሉም እኩል ስለሆነ ጉድለቱ በውጤት ላይ አይታይም። የሚታየው ለተግባር ልምምድ ድርጅት ሲገቡ ነው።

መዝገብ መያዝን አንንቅም፤ ከመካከላችን በሒሳብ መዝገብ እንጀራ የምንበላ አለን። ነገር ግን ሌላው የለካውን ብቻ የጻፈች ልጅ መለካትን አልተማረችም።

ነገሩ ከቤት ይጀምራል። አምፖል ሲቃጠል ወንድሟ ወንበር ላይ ይወጣል፤ እሷ ሻማ ትይዛለች። እንግዲህ አምፖሉን እሷ ትቀይር። ስትደውልም «ስንት አመጣሽ?» ከማለታችን በፊት «በዚህ ሳምንት ምን ለካሽ? ምን ፈታሽ?» እንበላት። በቡድኗ ውስጥ ጽሑፉ በተራ እንዲሆን እንድትጠይቅ እናበርታት።

ልምምድ ላይ ብዙ ጊዜ ደመወዝ የለም፤ ትራንስፖርትና የሥራ ጫማ ግን ወጪ ነው። ገንዘብ አጥታ ቅርብ ቢሮ ውስጥ ወረቀት ስታደራጅ እንዳትከርም፣ ከማኅበራችን ሣጥን ለዚህ የሚሆን ድጋፍ እንዲመደብ ለጉባኤው እናቀርባለን። ተወያዩበት።