በጣት ቁመት ላይ ጥለት ስለ መሣል
(በቦሌ ሚካኤል ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



እንድናገር የታዘዝሁት በትንንሽ ምስሎች ላይ ጥለት ስለ መሣልና ቀለምን ከቀለም ስለ ማዋሐድ ነው። ከመናገር ይልቅ ብሩሽ መያዝ ስለሚቀለኝ አንዷን ምስል ከፊታችሁ አቁሜያለሁ። ይህች ለጥምቀት የለበሰች፣ ከዋንዛ የተቀረጸች ሴት ቁመቷ 9 ሳንቲ ሜትር ነው። በሰው ቁመት 162 ሳንቲ ሜትር ብንላት 18 ጊዜ አንሳለች ማለት ነው። እንግዲህ በቀሚሷ ግርጌ 12 ሳንቲ ሜትር ይሆን የነበረው ጥለት እዚህ 7 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ሸማኔው ክር በክር የሠራውን በዚህች ስፍራ ልሥራ የሚል ሰው ዐይኑን ያጠፋል እንጂ ጥለት አይሥልም። መፍትሔው ምን እንደሚተው ማወቅ ነው። ከቦሌ ሚካኤል ወደ ሩዋንዳ በሚወስደው መንገድ በእሑድ ጠዋት የሚያልፉትን ሴቶች ከመስኮቴ ስመለከት፣ ከሩቅ የሚታየኝ አልማዝ መሳዩ ቅርጽና በዳርና ዳር ያለው ጥቁር መስመር ብቻ ነው። ስለዚህም አስቀድሜ መደቡን እቀባለሁ፤ ከዚያ መካከለኛውን መስመር አሰምራለሁ፤ ግራና ቀኙን እኩል እከፍላለሁ፤ አልማዙን በነጥብ አመለክትና ነጥቦቹን አገናኛለሁ። ከአንድ ጫፍ ጀምሮ እየሣሉ መሄድ መጨረሻው ላይ ግማሽ አልማዝ ያስተርፋል።

ይህን የብራና ሠዓሊዎቻችን ከእኛ አስቀድመው ያውቁት ነበር። በ15ኛው ምዕት ዓመትና ከዚያም ወዲህ በመጻሕፍት ራስጌ የሣሉትን ሐረግ፣ በተለይም በዓጋመ የሚገኘውን የጉንዳ ጉንዶን መጻሕፍት ጌጥ ያየ ሰው፣ ክሮቹ አንዱ በሌላው ላይና ሥር የሚያልፉ ይመስሉታል። ብልሃቱ ግን ቀላል ነው፤ ከሥር የሚያልፈው ክር ጥቂት ተቋርጦ ወዲያ ማዶ ይቀጥላል። የቀረውን ዐይን ይሞላዋል። በአውሮፓና በአሜሪካ ለጠረጴዛ ጨዋታ የሚሆኑ 28 ሚሊ ሜትር ያህል ቁመት ያላቸውን ወታደሮች የሚቀቡ ሰዎችም የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው።

ወደ ቀለሙ ልለፍ። በ18ኛው ምዕት ዓመት፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን፣ የጎንደር ሠዓሊዎች በምስሎች ጀርባ ቢጫውን ቀስ በቀስ ወደ ቀይና ወደ አረንጓዴ ያሳልፉት ነበር፤ ፊትንም በጥላ ያለሰልሱ ነበር። እኛ ዛሬ የምንጠቀምበት አክሪሊክ ግን ቶሎ ይደርቃል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች በበጋ አየሯ ደረቅ ነውና፣ ቀለሙ ከብሩሹ ጫፍ ሳይወርድ ይያዛል። ስለዚህ ቀለሙን በረጠበ ወረቀት ላይ አኖራለሁ፤ በውኃ አቅጥኜም በስሱ እየደራረብሁ፣ እያንዳንዱ ሲደርቅ ብቻ ሌላውን እጨምራለሁ። ቀይን ለማብራት ነጭ የሚጨምር ሐምራዊ ያገኛል፤ ብርቱካናማ ይጨምርበት። ነጠላን በጥቁር የሚያጠላም ጨርቁን ያቆሽሸዋል፤ ጥቂት ሰማያዊና ጥቂት ቡናማ ይበቃዋል። ይህን ለመማር ከአንድ ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል፤ እናንተ ግን በአንድ ቀን ወሰዳችሁት።

አሁን የምናገረው ደስ የሚያሰኝ አይደለም። ከብዙ ዓመታት በፊት አንዲት ጎረቤታችን የሆኑ አሮጊት፣ ከአያታቸው የወረሱትን መዳፍ የማታህል ተከፋች የእንጨት ሥዕል ይዘው መጡ። የእመቤታችን ልብስ ሰማያዊው ተፈርፍሮ ነበር። «ልጄ፣ አድስልኝ» አሉኝ። ትዕቢቱ ከእኔ ነበር፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ልብሱን በአክሪሊክ ሸፍኜ፣ ጥላውንና ብርሃኑን አዋሕጄ፣ በሥራዬ ኮርቼ መለስሁላቸው። ለረጅም ጊዜ አዩዋትና፣ «የእኔይቱስ ወዴት አለች?» አሉ።

ላነሣው ሞከርሁ። በእርጥብ ጥጥ ስነካው አዲሱ ቀለም አልተንቀሳቀሰም፤ ከጎኑ የነበረው አሮጌው ግን ወደ ጥጡ መጣ። የጥንቱ ቀለም በሙጫ የተያዘ፣ መደቡም ከነጭ አፈርና ከሙጫ የተሠራ ስለ ሆነ ውኃ ይፈታዋል። ከ200 ዓመት ይበልጣት ይሆናል ብዬ የማስባትን ሥዕል አንዱን ጥግ በደቂቃ አጠፋሁት።

ከዚያ ወዲህ አሮጌ ሥዕል ይዞ የሚመጣን ሰው፣ «አልነካውም፤ ከፈለጉ አጠገቡ የሚቀመጥ አዲስ እሥልልዎታለሁ» እላለሁ። ብዙዎች ይቀየሙኛል፤ አንዳንዶቹም ሌላ ሠዓሊ ዘንድ ይሄዳሉ፤ በመካከላችሁም የሚቀበላቸው እንዳለ አውቃለሁ። ለአሮጊቷም እንዲሁ ሌላ ሠራሁላቸው፤ የልብሱን ጠርዝ ሐረግ ሳይቀር የማስታውሰውን ያህል አኖርሁበት። ተቀብለው መርቀውኝ ሁለቱን ጎን ለጎን ሰቀሉ። ሻማ የሚያበሩት ግን በተበላሸችው ፊት ነበር።

ብሩሾቼንና ርጥብ ወረቀቱን ይዤ መጥቻለሁ፤ መሞከር የምትፈልጉ ወደ ጠረጴዛው ቅረቡ።